የቤት ጄኔሬተርን በገዛ እጅ መንከባከብ፦ ከዘይት እስከ ካርቡሬተር

መብራት ሲሄድ ከየግቢው የገመድ መሳብ ድምፅ ይሰማል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ቀጥሎ እርግማን። ቀጥሎ ስልክ ወደ መካኒክ። መካኒኩ መጥቶ ሲከፍተው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያንኑ ነገር ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ የደረቀ የከረመ ቤንዚን።

የቤት ጄኔሬተርን ከሥራ ይልቅ ሥራ መፍታት ይጎዳዋል። በየቀኑ አራት ሰዓት የሚሠራው የሱቅ ጄኔሬተር ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ዓመታት ያገለግላል። ጓዳ ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ሦስት ወር የከረመው ግን በሚፈለግበት ቀን እምቢ ይላል። ከታች ያለውን ሥራ ማንም ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የተለየ ሙያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና የተስተካከለ ቁልፍ ይበቃል።

የያዛችሁት የትኛውን ሞተር ነው?

እዚህ የማወራው በቤንዚን ስለሚሠራው፣ በገመድ ስለሚነሳው፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ስለሚባለው ነው። ሱቅ ደጃፍ፣ ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምታዩት ማለቴ ነው። ሞተሩ ባለ አራት ስትሮክ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አብዛኛው ወይ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ወይም 200 ነው፣ ወይ ደግሞ በእነሱ አምሳል የተሠራው የቻይናው 168 ኤፍ።

ቁጥሩን ሞተሩ ላይ ፈልጉት። 1ዱ ሲሊንደሩ አንድ መሆኑን፣ 68ቱ የሲሊንደሩ ስፋት 68 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ "የጄኔሬተር ካርቡሬተር" ብሎ ከመጠየቅ "የ168 ኤፍ ካርቡሬተር" ማለት ይሻላል። ባለሱቁም በሌላ ዓይን ያያችኋል። 188 ኤፍ የሚል ካነበባችሁ የእናንተ ትልቁ ነው፤ 5 ኪሎዋት አካባቢ የሚሰጠው። ሥራው ያው ነው፣ የሚጠጣው የዘይት መጠን ግን ይለያል።

በእጅ አንጠልጥለው የሚሄዱባት ትንሿ ባለ ሁለት ስትሮክ ጄኔሬተር ከዚህ ትወጣለች። እሷ የዘይት ቋት የላትም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚሰጣት። መመሪያዋ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከሰጣችኋት ፒስተኗ ይነክሳል፤ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል።

የከፍታ ነገር

ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ አላጋጠመኝም፤ ብዙ ችግር ግን ከዚህ ይነሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። አስሉት፤ ከሩብ በላይ ጉልበት ገና ሳይነሳ ሄዷል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ነው፣ እዚያ ደግሞ ሲሶው ይጠፋል።

እንግዲህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 2.5 ኪሎዋት ይላል። በትንሹ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 2.2 ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ላይ 2.2ቱ ወደ 1.6 ይወርዳል። ከዚያ ውስጥ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ ስልክ ቻርጀር ምንም አይሉም። ፍሪጅ ሲሠራ ትንሽ ቢወስድም ሲነሳ ግን የብዙ እጥፍ ይጠይቃል። የውኃ ማፍያው ጀበና ብቻውን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ይበላል። የእንጀራ ምጣድማ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው፤ በዚህ ጄኔሬተር እንጀራ መጋገርን እርሱት።

ከፍታ ሁለተኛም ጣጣ አለው። ካርቡሬተሩ ከፋብሪካ የወጣው ለቆላ አየር ተለክቶ ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የጨመረ ፍጆታ የዚህ ውጤት ናቸው። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው አምራቾቹ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ዋናው ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአነስተኛ ቁጥር እንዲቀየር ይመክራሉ። ይህ ጭሱን ያስተካክላል እንጂ የሄደውን ጉልበት አይመልስም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ለአዲስ አበባ የተስተካከለውን ጄኔሬተር ጭናችሁ ድሬዳዋ ወይም አፋር ብትወስዱት ቤንዚን ያንሰውና ከመጠን በላይ ይግላል። የፋብሪካውን ጄት አትጣሉት፤ በፌስታል አስራችሁ አስቀምጡት።

ከመንካታችሁ በፊት

የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል አገር ያውቃል። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ ነው፣ ያውም በብዛት። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ስለዚህ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ ደረጃ ሥር፣ ሱቅ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጎ አይነሳም። "ዝናብ ነው፣ ለትንሽ ጊዜ ነው" አይሠራም። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ፊቱን ወደ ሜዳ ያዙር። ለዝናቡ ከላይ ቆርቆሮ አድርጉለት፣ ጎንና ጎኑን ክፍት ተዉት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ አጥፉ።

ሌላው በየሰፈሩ የማየው ባለ ሁለት ወንድ ስፒና ገመድ ነው። አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት። ቆጣሪው ላይ ያለው ዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ ቀርቶ ከሆነ ኃይሉ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ መስመሩ ሙት ነው ብሎ ይይዘዋል። የሄደው መብራት ሲመጣ ደግሞ ጄኔሬተራችሁ ይቃጠላል። ከስፒናው አንዱ ሲነቀልም ባዶው ጫፍ ኤሌክትሪክ እንደያዘ እጃችሁ ላይ ነው። ቤቱን በሙሉ ማብራት የፈለገ ሰው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከጄኔሬተሩ ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ) ያስገጥም። ካልሆነ ማከፋፈያውን በቀጥታ ጄኔሬተሩ ላይ ሰክታችሁ የምትፈልጉትን ብቻ አብሩ።

ለጥገና ስትቀመጡ ደግሞ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉት፣ ሳይታሰብ እንዳይነሳ። ሲጋራና ከሰል ከአካባቢው ይራቁ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፣ 21 ቁጥር የካንዴላ ቁልፍ (ብዙ ጊዜ ከጄኔሬተሩ ጋር ይመጣል፣ ጠፍቶ ካልሆነ)፣ ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)። ግልጽ የብርጭቆ ዕቃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ሥራው የሚሠራበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ከሥር ነጣ ያለ ጨርቅ አንጥፉ። ካርቡሬተር ውስጥ ያሉ ነገሮች የምስር ፍሬ ያክላሉ፣ ሣር ላይ ከወደቁ አይገኙም።

ዘይት

ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ዘይት የሌለው ሞተር በደቂቃዎች ይነክሳል፤ ሲነክስ ደግሞ ጥገናው ከአዲስ ሞተር ብዙም አይረክስም።

መጠኑን ስታዩ ጄኔሬተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቀመጥ። መክደኛውን አውጡና መለኪያውን ጥረጉት። አሁን መልሳችሁ ክተቱት፤ ግን አታጥብቁት፣ ዝም ብሎ ጥርሱ ላይ ይረፍ። አውጥታችሁ እዩ። በእነዚህ ሞተሮች መለኪያው የሚነበበው ሳይጠብቅ ነው። አጥብቃችሁ ካነበባችሁ ዘይቱ ካለበት በላይ መስሎ ይታያችኋል፤ በቂ ነው ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ትክክለኛው መጠን እስከ መሙያው አፍ ጠርዝ ድረስ ነው።

አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ይቀይራል። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። አዲስ ብረት ከብረት ጋር ሲተዋወቅ ደቃቅ ብናኝ ይወጣል፤ ይህ ሞተር ደግሞ እንደ መኪና የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ቀድሞ በመጣው። በቀን አራት ሰዓት ለሚያስነሳ ሱቅ 100 ሰዓት ማለት 25 ቀን ብቻ ነው። የተቀየረበትን ቀን ታንከሩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉ።

አቀያየሩ ቀላል ነው። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አስነሱትና አጥፉት። ዘይቱ ሞቅ ሲል ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከታች ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፍቱ፣ ዕቃ ደቅኑ። ብሎኑ ላይ ያለችውን ራንዴላ እንዳትጥሏት፤ ያለ እሷ ያንጠባጥባል። መውረዱን ሲያቆም ጄኔሬተሩን ትንሽ አዘንብሉት። ብሎኑን መልሱና አዲስ ዘይት ሙሉ፤ ለ168 ኤፍ 0.6 ሊትር፣ ለ188 ኤፍ 1.1 ሊትር። ዓይነቱ 10ደብሊው-30 የቤንዚን ሞተር ዘይት ነው።

የወጣውን ዘይት ጣላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እዩት፣ አሽትቱት። ጥቁር መሆኑ ችግር የለውም። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን ካለና መጠኑ ከሞላችሁት በላይ ከሆነ ካርቡሬተሩ እያሳለፈ ነው፤ መፍትሔውን ከታች ታገኙታላችሁ። የተቃጠለውን ዘይት ቱቦ ውስጥ አትድፉት። ጋራዥ ይቀበላችኋል።

የአየር ማጥሪያ

ፊልትሮው ብዙውን ጊዜ ስፖንጅ ነው። አቧራማ ሰፈር፣ ግንባታ አጠገብ ወይም ኮረኮንች መንገድ ዳር ከሆናችሁ በየ50 ሰዓቱ መጠበቅም ይበዛበታል፤ በየሳምንቱ ክፈቱት። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ጭመቁት፣ ጥላ ላይ በደንብ አድርቁት። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ የሞተር ዘይት አንጠባጥቡበትና ትርፉ እስኪወጣ ጭመቁት። አቧራውን የሚይዘው ያ ዘይት ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። በቤንዚን አትጠቡት። የወረቀት ፊልትሮ ካለው ደግሞ አይታጠብም፤ መታ መታ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ከጠቆረ ቀይሩት።

"ያለ ፊልትሮ የበለጠ ይተነፍሳል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። አቧራ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል።

ካንዴላ

ኮፍያውን ነቅላችሁ ዙሪያውን በብሩሽ ጥረጉ፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ፍቱትና ጫፉን ብርሃን ላይ እዩት። ካንዴላ የሞተሩን ጤና ያሳያል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሁሉ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ቾኩ (ሲነሳ አየሩን የሚዘጋው) ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ወይ የከፍታው ነገር ነው። እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር ከሆነ ዘይት እየወጣ ነው። ነጭና የተቃጠለ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቤንዚን እያነሰው ሊሆን ይችላል።

ጥላሸቱን በብሩሽ አጽዱ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። ሴራሚኩ ከተሰነጠቀ ወይም ጫፉ ከተበላ ቀይሩት። ለእነዚህ ሞተሮች የተለመደው ቢፒአር6ኢኤስ የሚባለው ነው። ገበያው ላይ ኮፒ ስለሚበዛ ዋጋው አላግባብ የረከሰውን ተጠራጠሩ።

መልሳችሁ ስትከቱት መጀመሪያ በጣት አዙሩት። ቁልፍ የሚገባው ጥርሱ ቁጭ ካለ በኋላ ነው። የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፤ ካንዴላውን ጠማማ አስገብታችሁ በቁልፍ ከገፋችሁት ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቶርኖ ቤት ነው። አዲስ ከሆነ በጣት ካበቃ በኋላ ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነ ሩብ ዙር አይሞላም።

ካርቡሬተር

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይቀራል። ያ ሙጫ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ጄት ላይ ሲደርቅ ሞተሩ አይነሳም። ወይም በቾክ ብቻ ይነሳና ቾኩ ሲከፈት ይጠፋል። ወይም ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

መጀመሪያ የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ። ካርቡሬተሩ ሥር ሳህን የመሰለ ክፍል አለ፤ ከጎኑ ያለችው ትንሿ ብሎን ማፍሰሻው ናት፣ መሐል ላይ ወደ ላይ የገባው ደግሞ ሳህኑን የያዘው። ብርጭቆውን ደቅኑና ማፍሰሻውን ፍቱ። የወረደውን ብርሃን ላይ አንሡት። ውኃ ካለ ከሥር ኳስ ኳስ ሆኖ ይታያል፤ ከቤንዚን ጋር አይዋሐድም። ቀለሙ ሻይ ከመሰለና ሽታው ከኮመጠጠ የከረመ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለውም እንደዚያው ነውና እሱንም አፍስሱ።

ቀጥሎ መሐለኛውን ብሎን በ10 ቁጥር ፍቱና ሳህኑን አውርዱ። ጠርዙ ላይ የጎማ ቀለበት አለ፤ ሲወርድ ከተንጠለጠለ በካቻቪቴ አትጎትቱት፣ በጣት አላቁት። የሳህኑን ውስጥ በጨርቅና በስፕሬይ ጥረጉት።

አሁን ተንሳፋፊው ይታያችኋል። የሽንት ቤት ታንከር ውስጥ እንዳለው ኳስ ነው ሥራው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ይነሳና ይዘጋዋል። በጣት ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ሳይያዝ መሄድ አለበት። የያዘውን ቀጭን ዘንግ በፒንሳ ሳብ አድርጋችሁ ስታወጡት ትንሽ መርፌ አብራ ትወርዳለች። ጫፏን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ ጥሩ። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ካለባት ቀይሯት፤ ቤንዚኑን እያሳለፈች ዘይታችሁን ያቀጠነችው እሷ ናት።

ከዚያ ዋናው ጄት። ሳህኑ በነበረበት መሐል ላይ ወደ ላይ የቆመ ዓምድ ውስጥ ነው ያለው፤ ከነሐስ የተሠራ ነው። ነሐስ ለስላሳ ነውና ልኩ የሆነ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ምረጡ፤ ጠባብ ከሆነ ስንጥቁን ይበላዋል። ፍቱትና ወደ ሰማይ አቅንታችሁ በቀዳዳው እዩ። ሙሉ ክብ ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል። ከቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዷን የመዳብ ክር መዛችሁ በእሷ ክፈቱት። መርፌና የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ጄት ደግሞ በእኛ ከፍታ ላይ ጭስ በጭስ ማለት ነው። ከጄቱ በላይ በጎኖቹ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቱቦ አለ፤ ሲገለበጥ ይወድቃል። የሱንም ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አጽዱ።

ስፕሬዩን በሁሉም ቀዳዳ ንፉበት። ዓይናችሁን ጠብቁ፣ በሌላ ቀዳዳ ዞሮ ፊት ላይ ይረጫል። ስፕሬይ ካላገኛችሁ ካርቡሬተሩን በሙሉ ፈታችሁ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ውሰዱት፤ በኮምፕረሰሩ ቢነፋላችሁ ስፕሬዩን ያስንቃል።

በፈታችሁበት ቅደም ተከተል ግልባጭ መልሱ። ሲፈታ በየደረጃው በስልክ ፎቶ ማንሳት አያሳፍርም፣ እኔ ሁልጊዜ አነሳለሁ። የነዳጁን መክፈቻ ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ካንጠባጠበ ወይ የጎማው ቀለበት ተጣሟል ወይ መርፌዋ አልተቀመጠችም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ አዲስ ካርቡሬተር ግዙ። የ168 ኤፍ በየቦታው ይገኛል፤ የተበላሸውን ሲያክሙ ከመዋል ይሻላል።

ቫልቭ

በየ300 ሰዓቱ የቫልቮቹን ክፍተት ማስለካት ጥሩ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የማስገቢያው 0.15፣ የማስወጫው 0.20 ሚሊሜትር ነው። ልኬቱን የሚያሳዩት ቀጫጭን ብረቶች ከሌሏችሁ ለመካኒክ ተዉት።

አነሳስና አጠፋፍ

ሲነሳ ምንም ነገር አይሰካ። ዘይት እዩ፣ ነዳጅ ክፈቱ፣ ቾክ ዝጉ፣ ማብሪያውን ክፈቱ። ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ የሆነ ቦታ ይከብዳል። እዚያ ላይ መልሱትና ባንድ ትንፋሽ ሳቡ። ገመዱን ግን አትልቀቁት፣ በእጃችሁ መልሱት፤ ካለቀቃችሁት ሞላውን ይሰብራል። ሲነሳ ቾኩን ቀስ በቀስ ክፈቱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ መጀመሪያ ፍሪጁን ስኩ፣ እስኪረጋጋ ጠብቁ፣ ሌላውን ተራ በተራ።

ሲጠፋ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፣ ሁለት ደቂቃ ባዶውን ይሥራ፣ አጥፉት። የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ። ይቺ ትንሽ ነገር ቤንዚን ወደ ዘይት እንዳይሰርግ ታደርጋለች። መብራት ለሳምንታት አይጠፋም ብላችሁ ከገመታችሁ ደግሞ ሞተሩን በማብሪያው አታጥፉት፤ እየሠራ ነዳጁን ዝጉና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። የቀረችውን በማፍሰሻው አውጧት። በወር አንዴ በትኩስ ቤንዚን ሃያ ደቂቃ ያህል አምፖልና ካውያ ሰክታችሁ አሠሩት።

ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። መብራት ጠፍቶ በሻማ የሚሞላ ሰው አይቻለሁ፤ በስልክ ብርሃን አድርጉት። ከጀሪካን ስትገለብጡ የመጨረሻዋን ጭላጭ ተዉት፤ ውኃና ቆሻሻ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

እምቢ ሲል

የማይነሳ ከሆነ ከዘይቱ ጀምሩ። ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ደልዳላ ባልሆነ ቦታ ከቆመም ያው ነው። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ትንሽ ላላ አድርጉ። ቤንዚን ካልወረደ ችግሩ ከላይ ነው፤ የታንከሩ መክፈቻ ሥር ያለችው ማጥሪያ ተደፍናለች። ከወረደ ካንዴላውን አውጡ። ብዙ ከሳባችሁ በኋላ ደረቅ ከሆነ ጄቱ ተደፍኗል። ከረጠበ ቤንዚን ደርሷል ግን እሳት የለም፣ ወይም ተጥለቅልቋል፤ አድርቁት፣ ቾኩን ክፈቱ፣ እንደገና ሞክሩ።

ተነስቶ ከአሥር ሃያ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርጋችሁ እዩ። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀዳዳ አለች። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ክዳኑ ሲላላ ከተስተካከለ ቀዳዳዋን አጽዱ፣ በቃ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ዘይት አብዝታችሁ ሞልታችሁ ከሆነ ቀንሱ። ካልሆነ የፒስተኑ ቀለበት ወይም ቫልቭ አልቋል፣ ይሄ የጋራዥ ነው።

አምፖሉ ሲደበዝዝ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ብሎን የሚያጠብቁ አሉ። አትንኩት። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ያንን የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቱም ኸርዙም ይዛባል፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይከፍሉበታል። ከደበዘዘ የሰካችሁትን ቀንሱ።

ሞተሩ በደንብ እየሠራ መብራት ካልሰጠ በመጀመሪያ ብሬከሩን መልሱ። ቀጥሎ በቴስተር ሶኬቱን ለኩ፤ የቴስተሩን ገመድ በሁለት እጅ አትያዙ፣ ጫማ ይኑራችሁ። 220 አካባቢ ካሳየ ችግሩ ማከፋፈያችሁ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቮልት ብቻ ካሳየ ብዙ የተቀመጠ ጄኔሬተር ማግኔቱ ደክሞበት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ካርቦኑ አልቋል፤ ወይ ቮልት የሚያስተካክለው ኤቪአር ተቃጥሏል። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዳይናሞ ጠጋኝ ስትወስዱት ግን "አይሠራም" ብላችሁ አትስጡት። ሞተሩ እንደሚነሳ፣ ቴስተሩ ስንት እንዳሳየ፣ ስንት ወር ተቀምጦ እንደነበር ንገሩት። እሱም ካርቡሬተር አጸዳሁ ብሎ አያስከፍላችሁም።